በጸሎት የሚቆጣ አባት

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለልጆቼ ዘወትር እነግራለሁ፤ ነገር ግን ከወናጎ ወደ ዲላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር።

«የሳልሽውን ካርቱን ለአባትሽ አሳየሻቸው?»

«ሙሉውን ክፍል፣ በስልኬ!»

«የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው? የጸሎቱንም ቦታ?»

«እሱንማ! የካርቱኑ አባት ማዕድ ላይ ቆሞ፣ ‹ጌታ ሆይ፣ ስልኳን ትራስ ሥር የምትደብቀውን ልጅ አንተ ታውቃታለህ› የሚለውን።»

«የራሳቸው ጸሎት አይደል እንዴ!»

«ቃል በቃል! እኛን የሚቆጣን ሁሌ በጸሎት ነው።»

«ወይኔ! አትሳይ ቢሉሽስ?»

«እኮ፣ ካለኝ አበቃልኝ ብዬ ነበር።»

«ሳቁ?»

«ጥርሱ አልታየም። ‹ይሄ ቁርጥ ጎረቤታችን ነው› ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።»

«አላወቁማ!»

«ቆይ እንጂ! እራት ቀረበ፣ ተነስቶ ጸሎት ጀመረ። ‹ጌታ ሆይ፣ አፍንጫዬ ያን ያህል እንደማይረዝም አንተ ምስክሬ ነህ።›»

«ውሸትሽን ነው!»

«እማዬ ትሙት! እሷማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈቀፈቃለች።»

«ስለ መሳሉስ?»

«‹የዚችን ልጅ እጅ ባርክ፤ በሚቀጥለው ክፍል ግን አፍንጫውን ታሳጥረው› ብሎ አሜን አለ!»

«ፈቀዱልሽ በይኛ!»

«ፈቀደልኝ! እሱንም በጸሎት!»

ማታ ማዕድ ቀርቦ ልጆቼ አንገታቸውን ደፍተው የተለመደውን ረጅም ጸሎቴን ሲጠብቁ፣ «ባርከው፣ አሜን» ብቻ ብዬ እጄን ወደ ቆጮው ሰደድኩ።