የወረቀቱ እግር

በደርግ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስሄድ ነው። የአውቶብሱ በር አጠገብ ያለው ወንበር «ለአካለ ስንኩላን» የሚል ተጽፎበታል። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የሌለ አዛውንት በምርኩዝ ገብተው ሊቀመጡበት ሲሉ ትኬት ቆራጩ አስቆማቸው።

«አባባ፣ ወረቀት ይዘዋል?»

«የምን ወረቀት?»

«እግር እንደሌለዎት የሚያስረዳ።»

«አይታይህም?»

«እኔማ ይታየኛል። ኬላ ላይ የሚጠይቁኝ ግን ወረቀት ነው።»

«እንካ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የጻፈው ነው፤ ማኅተሙን እይ።»

«ይሄ እኮ ግራ እግራቸው የለም ነው የሚለው።»

«የሌለው ቀኙ ነው።»

«በወረቀቱ ቀኙ አለ።»

«ካለማ አምጣልኝ፣ ልቁምበት።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ያስቀምጧቸው፣ ገበያው ሊበተንብን ነው» አሉ።

«ማኅተም ያረፈበትን እንዴት አድርጌ ላርም? ሊቀመንበሩ ሳያይዎት ነው የጻፈው?»

«እያየኝ እንጂ። ፊት ለፊቱ ቁሜ ሳለሁ፣ በእሱ በግራ በኩል የጎደለውን ጻፈ።»

ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን ይዞ አዛውንቱ ፊት ቆመና እግራቸውን አየ።

«እውነትም ከዚህ ሲያዩት ግራ ነው። ኬላ ላይ ሊፈትሽ የሚገባውም ሰው እዚሁ ነው የሚቆመው። ይቀመጡ አባባ፤ ብቻ እስከ ቡሬ እንዳይዞሩ።»

«በአንድ እግር ወዴት እዞራለሁ?»

እኔም የይለፍ ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁና ከስሜ ጀምሬ እስከ ማኅተሙ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።