በደብተሩ ላይ ስለተገኙት አራት ስሞች

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ደሳለች ቶለሳ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ጥጥ ፈታይ
ሃይማኖት፦ ፕሮቴስታንት
አድራሻ፦ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ፣ የቤት ቁጥር 318
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ኅዳር 16 ቀን 1970 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ስለሺ ዓለሜ

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ልጄ ደራርቱ ገለታ፣ ዕድሜዋ 17፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኅዳር 13 ቀን ማክሰኞ ጠዋት ቤታችን ሲፈተሽ ተይዛ እዚሁ ጣቢያ ትገኛለች። የተያዘችው ከባዘቶ ቅርጫት ሥር በተገኘ ደብተር ላይ የአራት ሰዎች ስም ከነሥራቸው ተጽፏል፣ የሕቡዕ ድርጅት አባላት ናቸው ተብሎ ነው። ሰዎቹን ካላጋለጠች ነገ ወደ ሌላ ቦታ እንደምትዛወር ተነግሮኛል። ወደዚያ ተወስዶ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ አላየሁም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ፤ የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ደብተሩ ላይ የተጻፈው፣ ታልቬን ድልድይ ጠባቂ፣ ማክሰኞ ውሃ፤ ሲርዶን መልእክት አድራሽ፣ ቅዳሜ እህል፤ ቀርሞስ የበር ዘበኛ፣ እሑድ መብራት፤ ኦሬማ የጠፉትን መዝጋቢ፣ ሐሙስ ክር የሚል ነው። ይህ የአባላት ዝርዝር ነው ያሉ የቀበሌ ሰዎች አይፈረድባቸውም፤ እኔም ባላውቅ እንደዚያው እል ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አይደሉም። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ያሉ አማልክት ናቸው። ደራርቱም ይህንኑ ብትናገር እየቀለደች ነው ተብላ በጥፊ ተመትታለች።

መጽሐፉን (አንድ ቃል ተሰርዟል) ልጄ ዓምሃ ገለታ ያመጣው በ1967 ዓ.ም ነው። ያስተምረው የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ሲሆን ሽፋን የለውም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን። ከሰዓት በኋላ እኔ ስፈትል፣ ደራርቱ ክር ስትጠነጥን፣ ዓምሃ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር፤ ደስ ያለውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እኔ እቀልድበት ነበር። ዛሬስ እነዚያ አማልክትህ ምን በሉ እለዋለሁ። በታሪኩ ውስጥ ኦሬማ የምትባለው ድልድይ ዳር ትቀመጣለች። ሰው የጠፋበት ቤተሰብ ክር ይዞ ይመጣና ትባርክለታለች። ክሩን ቤቱ እስካስቀመጠ ድረስ የጠፋው ሰው መንገዱን አይስትም። የጠፋው እንደማይመለስ የተረዳ ግን ክሩን እሷው ዘንድ ትቶ ይሄዳል። ይቺስ እንደ እኔው ከክር ጋር የምትውል ናት ብዬ ስቄባት ነበር።

መጋቢት 15 ቀን 1969 ዓ.ም ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዓምሃን ጥጥ እንዲገዛልኝ አዲሱ ገበያ ላክሁት። የላክሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ነገ ልሂድ ብሎኝ ነበር። አልተመለሰም። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ከሌሎች ልጆች ጋር ማኪና ላይ ሲጫን እንዳየችው ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እግሬ እስኪነቃ ያልሄድኩበት ጣቢያና ሆስፒታል የለም። ይህንንም ጣቢያ አራት ጊዜ ጠይቄአለሁ። በየሄድኩበት የለም ተባልኩ።

በሰኔ ወር ደራርቱ ማክሰኞ ማክሰኞ መስኮቱ ላይ ውሃ፣ ሐሙስ ሐሙስ ክር ስታስቀምጥና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስጠይቃት አልደበቀችኝም፤ ወደ ወንድሟ አማልክት እየጸለይኩ ነው አለችኝ። ተናደድኩ። አንድ ፈረንጅ ቁጭ ብሎ የፈጠረው አምላክ በምን ጆሮው ይሰማሻል አልኳት። የመለሰችልኝ እንዲህ ነው፦ «እማዬ፣ እነዚህ ዓምሃን ያውቁታል። በየቀኑ አብረውት ነበሩ።»

የጸሎት ቤታችንን ሽማግሌ ጋሽ ለሜሳን አማከርኩ። ጣዖት ነው፣ መጽሐፉም ደብተሩም ይቃጠል አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ ደብተሩን ይዤ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የልጄን እጅ ጽሑፍ ግን ሳየው አውቀዋለሁ። ደብተሩን መልሼ ከቅርጫቱ ሥር ሸሸግሁት። ስለዚህ የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ደራርቱ የት እንዳለ አታውቅም ነበር።

አሥር አለቃው ለልብ ወለድ አማልክት የሚሰግድ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል ብለው ጠየቁኝ። እኔ አለሁ። ከሐምሌ ወር ጀምሮ ደራርቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሐሙስ ሐሙስ ለኦሬማ ስፈትል ቆይቻለሁ። ይህን ጋሽ ለሜሳ ቢሰሙ ከማኅበሩ ያስወጡኛል፤ ጎረቤትም መሳቂያ ያደርገኛል። ያድርገኝ። የፈተልኩት ሁሉ ይኸው፣ አንድ ልቃቂት ሆኗል። ከመጽሐፉ ጋር አምጥቼዋለሁ። አሥር አለቃው እንግሊዝኛ ስለሚችሉ አራቱንም ስሞች እፊቴ ፈልገው አግኝተዋል። ኦሬማን ምን ብለሽ ትለምኛታለሽ ሲሉኝ፣ ልጄ የት እንዳለ ንገሪኝ እላታለሁ ብዬ መልሻለሁ። ሌላ የለመንኳት ነገር የለም።

ከዚህ በላይ ያለው ሲነበብልኝ «ሟች ልጄ ዓምሃ» የሚል ሰማሁ። እኔ ዛሬ ሞተ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ማን እንደነገራቸው አሥር አለቃውን ጠየቅኋቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው አቀረቀሩ። «እናቴ፣ የሟቾቹ ዝርዝር ላይ ስሙን አይቼዋለሁ» አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቅ ከመጋቢት ነው አሉ። ስምንት ወር ሙሉ ስመላለስ ይህን አንድ ሰው አልነገረኝም። ያልተናገርኩት ቃል ስለሆነ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል።

አሁን የምጠይቀው ስለ ደራርቱ ነው። ሁለተኛዋን ልጄን በሌሉ ሰዎች ምክንያት እንዳትወስዱብኝ። የሰጠሁት ቃል ከተሰረዘው በቀር የራሴ ነው፤ አልዋሸሁም፣ ማንም አላስገደደኝም። ዳግመኛ ተነቦልኝ ልክ መሆኑን በጣቴ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ (አለበት)
የተቀባዩ ፊርማ፦ (አለበት)

የተቀባዩ ማስታወሻ፦ አራቱ ስሞች ከመጽሐፉ ጋር ተመሳክረው የሰው ስም አለመሆናቸው ለበላይ ተገልጿል። ተጠርጣሪ ደራርቱ ገለታ በዚሁ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለእናቷ ተሰጥታለች። መጽሐፉና ደብተሩ ከመዝገቡ ጋር ተያይዘዋል። ልቃቂቱ ለጉዳዩ ስለማያስፈልግ እንዲወስዱት ለወ/ሮ ደሳለች ቢነገራቸውም ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄደዋል።