የተቀባው ቼሎ

አዲስ አበባ፣ የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ በኦርኬስትራ ቼሎ የምትጫወተው ወይንሸት የአክስቷን ቀብር ውላ፣ ጥቂት ቀናት ሰንብታ ከደብረ ብርሃን አሁን መግባቷ ነው፤ ባሏ ይርጋ ከፊቷ ቆሟል።

ወይንሸት፦ ቀባኸው?

ይርጋ፦ መጀመሪያ ተቀመጪ። ውሃ ላምጣልሽ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽው።

ወይንሸት፦ ውሃው ይቆይ። ይርጋ፣ ቼሎዬ እንደ ቡፌ የሚያብረቀርቀው ለምንድን ነው?

ይርጋ፦ ያው ቫርኒሽ ነዋ። ደግሞ ተራው እንዳይመስልሽ፤ ዘሪሁን ለራሱ ደብቆ ያስቀመጠውን ነው ያወጣልኝ።

ወይንሸት፦ ዘሪሁን? ቁም ሳጥናችንን የሠራው ዘሪሁን?

ይርጋ፦ ቁም ሳጥኑ ምን ሆነ? እስከ ዛሬ በሩ እንኳ ጮሆ ያውቃል?

ወይንሸት፦ ቁም ሳጥን እንዳይጮህ ነው የሚሠራው! ቼሎ እንዲጮህ ነው!

ይርጋ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ወይንሸት፦ ይስማ! አክስቴን ቀብሬ ብመጣ፣ አንተ እዚህ ቼሎዬን ቀብረህ ጠበቅከኝ።

ይርጋ፦ ወይንዬ፣ ስትሄጂ ምን ነበር ያልሽኝ? በር ላይ ቆመሽ «ቼሎዬ ተሰነጠቀ፣ ጉድ ሆንኩ» ብለሽ አላለቀስሽም?

ወይንሸት፦ ያለቀስኩት ለአክስቴ ነው!

ይርጋ፦ ለሁለቱም ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ ዓይንሽ ግን ቼሎው ላይ ነበር። እኔም ለቅዳሜው ኮንሰርት ተጠግኖ ስታገኚው ኀዘንሽ ትንሽ ቀለል ይልልሽ ይሆናል ብዬ…

ወይንሸት፦ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረች፣ ያውም ጠርዙ ላይ። እሷን ይዤም ቢሆን ቅዳሜን እወጣው ነበር። በምን ደፈናት?

ይርጋ፦ በኮላ።

ወይንሸት፦ በነጩ ኮላ?

ይርጋ፦ እንዲያውም ደግማ እንዳትከፈት በዛ አድርጎ ነው። ከዚያ ሁለመናውን በብርጭቆ ወረቀት አለሳልሶ…

ወይንሸት፦ ብርጭቆ ወረቀት! በቃ፣ አትንገረኝ። አይ፣ ንገረኝ። ሌላስ ምን ነካችሁ?

ይርጋ፦ ክሮቹ ሥር ያለውን ነጭ አቧራ ጠረግኩልሽ።

ወይንሸት፦ አቧራ አይደለም። ደጋኑ ላይ የማሸው ሙጫ ነው እዚያ የሚረግፈው።

ይርጋ፦ እሱ እንኳ ቀላል ነው። ደጋኑንም በሳሙና ላጥበው ነበር፤ ያንቺን ቁጣ ፈርቼ ተውኩት።

ወይንሸት፦ ደጋኑ ላይ ሲሆን ፈራህ፣ ቼሎው ላይ ሲሆን ግን ድፍረት ከየት መጣ?

ይርጋ፦ እሺ፣ ምን ጎደለው? ስንጥቁ ተደፍኗል። ክሮቹ በቦታቸው ናቸው። ቅዳሜ የመድረኩ መብራት ሲያርፍበት ደግሞ…

ወይንሸት፦ ሰው መብራት ሊያይ አይደለም የሚመጣው! ይሄ እንጨት ድምፅ የሚሰጠው ስስ ስለሆነ ነው፣ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። በበጋ እንዳይደርቅብኝ ብዬ ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ የማደርገው ለምን ይመስልሃል?

ይርጋ፦ እኔማ ለብል መስሎኝ።

ወይንሸት፦ ለብል! መምህሬ ሲሞት ቤተሰቦቹ «አንቺ ጋ ይሁን» ብለው የሰጡኝ ቼሎ ነው። እሱ ዕድሜ ልኩን እንደ ልጅ አቅፎት የኖረውን፣ እናንተ በሁለት ብሩሽ አፈናችሁት። ስንት ዓመት ከኋላ ተቀምጬ፣ ቅዳሜ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ወጥቼ ብቻዬን ልጫወት ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል?

ይርጋ፦ ይገባኛል።

ወይንሸት፦ አይገባህም! አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለህ ሰምተኸኝ አታውቅም። እኔ ስለማመድ አንተ ኳስህን ታያለህ።

ይርጋ፦ ሳትሞክሪው ነው የምትፈርጂብኝ። እስቲ ተጫወችው።

ወይንሸት፦ ልጫወትልህ? እሺ። ሶፋው ላይ አይደለም፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀመጥ። ስማ እንግዲህ።

ይርጋ፦ ቆይ፣ አታቁሚ። ያንን ቦታ ድገሚው።

ወይንሸት፦ የቱን?

ይርጋ፦ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ፣ ቀስ እያለ የሚወጣበትን። እዚያ ስትደርሺ ሁልጊዜ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።

ወይንሸት፦ ይኸው።

ይርጋ፦ የለም።

ወይንሸት፦ ምኑ?

ይርጋ፦ ያ ድምፅ የለም። እዚያ ስትደርሺ እኮ እዚህ ደረቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። የመስኮቱ መስታወት እንኳ አብሮሽ ያንጎራጉር ነበር። አሁን ጎረቤት ቤት በር ዘግተሽ የምትጫወቺ ነው የሚመስለው። ኧረ ጉዴ! ምንድን ነው ያደረግኩት?

ወይንሸት፦ አንተ ይሄን ሁሉ መቼ ሰማህ? ኳስ እያየህ አልነበር?

ይርጋ፦ ድምፁን አጥፍቼ ነዋ የማየው።

ወይንሸት፦ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገርከኝም?

ይርጋ፦ ምን ብዬ? የኦርኬስትራ ባልደረቦችሽ እነ ክንፈ እዚህ መጥተው ሳለ «ያ ትልቁ ቫዮሊን ደስ ይላል» ብል ሁላችሁም ሳቃችሁብኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ብሰማ ይሻለኛል አልኩ።

ወይንሸት፦ እኔ አልሳቅኩም።

ይርጋ፦ ሳቅሽ፣ ወይንዬ። ምንም አይደለም።

ወይንሸት፦ ምንም ያልሆነ ነገርማ እስከ ዛሬ አይታወስም። ይቅርታ። ግን አሁንም አንቄ ብገድልህ ደስ ይለኛል።

ይርጋ፦ ይገባኛል። ዘሪሁንን ልጥራው? ቫርኒሹን ዛሬውኑ ያስለቅቀው።

ወይንሸት፦ ዘሪሁን በዚህ በር እንዳይገባ! የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ፣ ወራት ፈጅቶ፣ ያኔም መዳኑ እንጃ። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ይርጋ፦ የኦርኬስትራውን ተዋሺያ።

ወይንሸት፦ ትርፍ ሆኖ የተቀመጠው አንገቱ የተሰበረው ነው። ሌሎቹን ባለቤቶቻቸው ይጫወቱባቸዋል።

ይርጋ፦ ሁለት ቼሎ ያለው ሰው አይጠፋም።

ወይንሸት፦ አለ። እሱን ተወው።

ይርጋ፦ ክንፈ ነው አይደል?

ወይንሸት፦ ተወው አልኩህ! ከፊት የምወጣው እኔ መሆኔ ሲነገር፣ በሰው ሁሉ ፊት «የእሷማ እጅ ደክሟል» ያለ ሰው ነው። እኔም «ሁለተኛ እንዳታናግረኝ» ብዬዋለሁ። አሁን ሄጄ ቼሎ ልለምነው? ቅዳሜ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።

ይርጋ፦ እጅሽ ደክሟል?

ወይንሸት፦ አልደከመም!

ይርጋ፦ ቅዳሜ ካልወጣሽ ይሄን ማን ይነግረዋል?

ወይንሸት፦ አንተ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶሃል?

ይርጋ፦ እንግዲያው እኔ ደውዬ እለምነዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማፈሩም የኔ ይሁን።

ወይንሸት፦ አንተማ አትደውልም። አንዴ የሳቁብህ ይበቃል። ስልኩን ወዲህ በል።

ይርጋ፦ እሺ፣ ግን እውነቱን ንገሪው። «ምንም የማያውቅ ባሌ እንደ ሶፋ አስቀባብኝ» በይው። ሲስቅ ልቡ ይራራል።

ወይንሸት፦ ዝም በል፣ እየጠራ ነው። ሄሎ፣ ክንፈ? ወይንሸት ነኝ። አዎ፣ እኔው። አሜን፣ ስለ አክስቴ እግዜር ይስጥልኝ። ክንፈ፣ ቼሎዬ ለቅዳሜ አልሆነኝም፤ ሁለተኛውን ታውሰኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እውነትህን ነው? ኧረ ዛሬውኑ መጥተን እንወስደዋለን። ማን አበላሸው? እኔ ነኝ፣ ክንፈ። እኔው ራሴ ነኝ ያበላሸሁት።