ቅርንፉዱን የሰበረው ማነው

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ታውሲ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አባባ ፌሩዚን መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሽማግሌው የእሷና የሌሎቹ ቅርንፉድ ለቃሚዎች አለቃ ናቸው። አለቃ ይባሉ እንጂ እሳቸውም እንደ ሌላው ተገዝተው ፔምባ ደሴት የመጡ ባሪያ ናቸው። በእጃቸው የተሰበረ ቅርንጫፍ ይዘዋል።

የቅርንፉድ ዛፍ እንደ ሸክላ ነው፤ ትንሽ ከተደገፉት ቀጭ ይላል። ቅርንጫፍ በተሰበረበት ሳምንት ተቆጣጣሪው ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአለቃው አንድ ስም ይቀበላል። የተጠራው ሰው ሐሙስና ዓርብን፣ ሌላው የራሱን ካሳቫ በሚቆፍርባቸው ሁለት ቀናት፣ የጌታውን ቅርንፉድ እንዲደርቅ ምንጣፍ ላይ ሲያገላብጥ ይውላል። በልማድ የሚጠራው ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ መጤ ነው።

«አባባ፣ የዛሬው ስም የማን ነው?» አለች ታውሲ፣ እንስራዋን አውርዳ።

«የምኪዋ።»

«ለሦስተኛ ጊዜ?»

«አዲስ ናት። ልማዱን ታውቂዋለሽ።»

«ምኪዋ እኮ ዛፍ ላይ አልወጣችም። ልጇን አዝላ መሬት የወደቀውን ስትለቅም ነው የሰነበተችው። ማሳዋን አረም ውጦታል። ዝናቡ ሳያልፍ ካልተከለች ያ ሕፃን ምን ሊበላ ነው? ቅርንፉድ?»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ስሚ ልጄ። ስም ካልሰጠሁ ተቆጣጣሪው አምስት ሰው ያስገርፋል። አንዱን ሰጥቼ ሠላሳውን አድናለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው ያኖርኳችሁ።»

«አንድ ስም አይስጡ አላልኩም። ለምን ሁልጊዜ አቅመ ቢሷን?»

«ዘመድ የላትማ። ወንድሞች ያሉትን ብጠራ ነገ ማን ይታዘዘኛል?»

«እንግዲያው የሚያድኑት ሠላሳውን ሳይሆን አለቅነትዎን ነው።»

«አንቺ ምላሳም» አሉ፣ ሳይቆጡ። «የጌታው ልጅ ስትማር በመስኮት ፊደል ሰረቅሽና እኔን ልታስተምሪ መጣሽ።»

«አላስተምርም፣ ልጠይቅ ነው። እርስዎ አዲስ ሳሉ ስንቴ ተጠሩ?»

ቅርንጫፉን አገላበጡት። «ሰባት ጊዜ።»

«ማሳዎን ማን ቆፈረልዎ?»

«ማንም።»

«ምን በሉ?»

«ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን የዓሣ ጭንቅላት።»

ታውሲ እዚህ ላይ ዝም ማለት እንደሚሻል ታውቃለች፤ ግን ዝም አላለችም። «እንግዲህ በተራ ይሁን። ከመጀመሪያው ዛፍ ለቃሚ ይጀመር። የተጠራውን ሰው ማሳ የቀረነው እንቆፍርለት። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ማሳ ምን አላት?»

«የመጀመሪያው ዛፍ እኮ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዘጠነኛው ደግሞ ያንቺ።»

«እሱንም አውቃለሁ፤ ባላውቀው ደስ ባለኝ።»

«ሊቆፍር የሚመጣ ቢጠፋስ?»

«እኔ አለሁ። ምኪዋም ትመጣለች።»

«አንዲት ምላሳምና አንዲት አራስ» አሉ ሽማግሌው፤ ቢሆንም ተነሡ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተቆጣጣሪው ስም ጠየቀ። «ፌሩዚ» አሉ። ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። ለሱ ስም ሁሉ አንድ ነው፤ «ነገ በጠዋት ምንጣፉ ላይ» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት የሽማግሌውን ማሳ ሊቆፍር ሰባት ሰው ብቻ መጣ። በሚቀጥለው ተራ አሥራ አራት ሆኑ። የሁለተኛው ዛፍ ለቃሚ ማብሩኪ ስሙ ሲጠራ ሊያጉረመርም አፉን ከፍቶ ነበር፤ አለቃው ራሳቸው ምንጣፉ ላይ ቀድመው መዋላቸው ትዝ ሲለው ዘጋው።

ባሪያ ነበሩ፣ ባሪያ እንደሆኑም ቀሩ፤ ይህን የረሳ የለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም ካሳቫ አረም አልበላውም፤ የምኪዋም ተተከለ። ተራው እንደሚደርሰው ያወቀ ለቃሚ ቅርንጫፍ ላይ መቆሙን ትቶ ቅርንጫፉን በቆልማማ ዱላ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ይስብ ጀመር፤ ስለዚህ ስም የማይጠየቅበት ሳምንት በዛ። አዲስ የመጣ ሰውም በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘው ቅጣት ሳይሆን መቆፈሪያ ይዞ የሚጠብቀው ጎረቤት ሆነ።

ተራው ታውሲ ዘንድ የደረሰው በሚቀጥለው የለቀማ ወቅት ነው። አባባ ፌሩዚ ስሟን ሲጠሩ ትንሽ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ሁለቱን ቀን ቅርንፉድ ስታገላብጥ ውላ ማሳዋ ስትሄድ ተቆፍሮ፣ ተተክሎ አገኘችው። ከመስመሮቹ አንዱ ብቻ እንደ እባብ ተጣሟል። ሽማግሌው መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ ይቺ መስመር ጠማማ ናት።»

«እሷ ለምላስሽ ናት» አሏት።