የሚመለሰው የአየር ማጣሪያ

እዚህ ውጭ አገር፣ ከቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባቡር እንደተሳፈርኩ፣ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ አበሾች ሰላም ተባባሉ። አንደኛው ትልቅ ካርቶን ያቀፈ ሰውዬ ነው፤ ሌላዋ ወጣት ሴት።

«ምንድነው እሱ፣ ጋሼ?»

«የአየር ማጣሪያ። ሱቁ ወስጄ ሪተርን ላደርገው ነው። ሌቦች!»

«ምን ሆነ?»

«የሰደድ እሳቱ ሰሞን ጭሱ ቤት ድረስ ሲገባብን ገዛሁት። ልጄ አስም አለባት። እሱ ሳምንት ሙሉ ሲያጓራ ከረመ፣ እሷም ስትስል ከረመች።»

«ለክፍሉ አንሶ ይሆናል። ለስንት ስኩዌር ፊት ነው ይላል?»

«ምን ያንሳል? ለሳሎን የሚሆነውን ነው መኝታ ቤቷ ያስገባሁት! የዚህ አገር ዕቃ መብራቱ ብቻ ነው።»

«ውስጡ ያለውን ፊልተርስ አይተውታል?»

«እንዴታ! እንዳመጣሁት ነው፣ አንድ ጉድፍ የለበትም።»

ካርቶኑ ሲከፈት ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ላስቲክ ምንድነው?»

«የራሱ ነው። ከነላስቲኩ ነው የመጣው።»

«ታዲያ አላወለቁለትም?»

«ለምን ብዬ? እንዲቆሽሽ?»

«የተገዛው እንዲቆሽሽ አይደል እንዴ! አየሩ በየት በኩል ይግባ? ቤትም የቲቪው ሪሞት ላስቲክ ውስጥ ነው አይደል? ሶፋውም?»

ሰውየው ላስቲኩን ሲያንኮሻኩሽ ተሰማኝ።

«ሶፋውስ ይታፈን፣ አይተነፍስም። ልጅቷ ግን ትተነፍሳለች፣ ጋሼ።»

«ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርጄ ወደ ቤት ልመለስ» አለ ሰውየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ስክሪኑ ላይ የተውኩትን ላስቲክ በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ።