ጥርሱ ሳይታይ የተገዛው ስልክ

አቶ አብዱልቃዲር ከጭሮ የከብት ገበያ ወደ ቤታቸው የሚያደርሰውን ዳገት ሲወጡ በንዴት ብቻቸውን ያጉተመትሙ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰንጋ ሲያደልቡና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ከገዢም ከደላላም ብዙ ክፉ ቃል ችለዋል። ዛሬ ያዋረዳቸው ግን ሰው አልነበረም፤ በቀኝ ኪሳቸው ያለ ስልክ ነው።

አስፋልቱ ዳር፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳቢርን አገኙት። ሳቢር የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ በኮምፒዩተር ትምህርት ተመርቆ እዚያው ከተማ ስልክ ይጠግናል።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ምነው፣ በደህና?»

«ወአለይኩም ሰላም። ደህናማ አይደለም! አንተኑ ነው የምፈልገው። ትናንት ሉባባ ይህን ይዛ ብትመጣ ‹አይቻልም› ብለህ መለስካት አሉ። አይፎን እኮ ነው! አራት ዓመት ሙሉ የተማርከው ‹አይቻልም› ማለትን ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሉባባ የከብት ጤና ባለሙያ ናት። በነገው ዕለት ለክትባት ወደ ሚኤሶ ትወርዳለች። የየቤቱ ከብት መቼ ምን እንደተከተበ የምትመዘግበው፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ በኦሮምኛ በሠሩት ፕሮግራም ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቆላ ባለሙያዎቹ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ይጭኑታል። አባት ግን የልጃቸው ስልክ ፊቱ የተሰነጠቀ መሆኑ አሳፈራቸው። ባለፈው ሳምንት አይፎን ገዝተው ሰጧትና አሮጌውን ለደላላ ሊያስረክቡ በግራ ኪሳቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር። ሉባባ ዛሬ ጠዋት አይፎኑን መልሳ እጃቸው ላይ አኖረችና፣ «አባ፣ ያለ መዝገቡ ሚኤሶ ወርጄ የተከተበውን ካልተከተበው በምን ልለይ?» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ደግሞ ስጦታቸው የተናቀ መሰላቸው።

ሳቢር የሱቁን አግዳሚ በእጁ ጠረገላቸው። «ይቀመጡ፣ ልንገርዎት። የእነሉባባ መዝገብ የተሠራው ለአንድሮይድ፣ እንደ አሮጌው ስልኳ ላለው ነው። ለአይፎን እንደገና ቢሠሩት እንኳ እንዲህ እየተቀባበሉ አይጭኑትም። በኩባንያው የኢንተርኔት ሱቅ በኩል፣ ኩባንያው አይቶ ሲፈቅድ ነው። ሠሪዎቹም በየዓመቱ ይከፍላሉ።»

«እኔ የገዛሁትን ስልክ?»

«እርስዎ የገዙትን።»

«እኔ ኪስ ውስጥ ያለውን?»

«እርስዎ ኪስ ውስጥ ያለውን።»

«ሱብሃነላህ! በሬዬን ግቢዬ አስሬ፣ አገዳ ላብላው ወይ ብዬ ባሕር ማዶ ላስፈቅድ? ይህ ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!»

ሳቢር ሳቁን ዋጠ። ሰው ሲቆጣ እሳቱ ላይ እንጨት የሚጨምር ልጅ አይደለም። «ያዝ ያድርጉት ጋሼ፤ እነሱም ምክንያት አላቸው። አካሉንም ውስጡንም የሚነድፈው አንድ ኩባንያ ስለሆነ ሁሉ ተስማምቶ ይሠራል፤ ለብዙ ዓመትም ይታደሳል። በሩ ላይ ዘበኛ ስላለ ሌባ ፕሮግራም በቀላሉ አይገባም። አንድሮይድ ግን መሠረቱ ለሁሉም የተገለጠ ነው። ብዙ ፋብሪካ እየወሰደ በየመልኩ ይሠራዋል፤ ርካሹም ውዱም የሚገኘው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ ከሱቅ ውጭ የመጣም ይጫናል። ታዲያ ብዙዎቹ ርካሾች እድሳታቸው ቶሎ ይቋረጣል። በቴሌግራም የደረሰውን ሁሉ የሚጭን ሰውም ቤቱን ለሌባ እንደከፈተ ነው።»

አቶ አብዱልቃዲር እንደ ረታ ተከራካሪ እጃቸውን አነሱ። «ይኸው፣ በራስህ አፍ አመንክ! የተዘጋ ይሻላል። እኛ የሰንጋ ዋጋ ገበያ መሐል ጮኸን እንናገራለን? እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ፎጣ አልብሰን፣ በጣት ምልክት ነው የምንጨርሰው። የተሸፈነ ነገር ክብር አለው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ!»

«ፎጣው የሚከልለው ማንን ነው?»

«ተመልካቹን ነዋ።»

«ሻጩንስ?»

«ሻጩን እንዴት ይከልላል? እጁ እኮ ከፎጣው ሥር...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አለ ሳቢር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሌባ መከለሉ እሰየው። የሉባባ ሥራ ላይ ሲደርስ ግን የስልኩ ባለቤትም እጅ ከፎጣው ውጭ ቀረ።»

ሽማግሌው ስልኩን ከቀኝ ኪሳቸው አወጡት። ሰው በማያውቀው ነገር ሲረታ ይከራከራል፤ በገዛ ሙያው ሲረታ ግን መሸሻ የለውም። ንዴታቸው ግን ማረፊያ ፈለገ። «እንግዲያው የስልኩ ሻጭ አታልሎኛል!»

«አላታለለዎትም። ደንቡ የተጻፈ ነው፤ የጠየቀ የለም እንጂ። ጋሼ፣ ሰንጋ ሲገዙ መጀመሪያ ምን ያያሉ?»

«ጥርሱን። ከዚያ ሻኛውን ዳብሼ፣ አስኬጄ፣ እግሩን አይቼ።»

«ይህንንስ ሲገዙ?»

አቶ አብዱልቃዲር ስልኩን አገላበጡት። የተገመጠችው ፖም ብልጭ አለች። «ጀርባውን» አሉ ቀስ ብለው። «ያውም ሰው ይዞት አይቼ። አይ አብዱልቃዲር! ሰው ምን ይለኛል ብለህ የልጅህን ሥራ ለደላላ ልትሸጥ ነበር!» በስልኩ የጀመረው ቁጣ ዞሮ ዞሮ ባለቤቱን አገኘ።

ቤት ሲደርሱ ሉባባ የክትባት ሳጥኗን እየጠረገች ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። ከግራ ኪሳቸው የተሰነጠቀውን ስልክ አውጥተው ሳጥኑ ላይ አኖሩላት።

«ክፈችው እስቲ። ሁሉም አለ?»

ከፈተች። የሚኤሶ ከብት በየባለቤቱ ስም ተሰልፎ ወረደ። «አለ፣ አባ! ሁሉም አለ!»

«መስተዋቱን ሳቢር ዛሬውኑ ይቀይርልሻል፤ ነግሬዋለሁ። የመዝገቡንም ግልባጭ ሌላ ቦታ ያኖርልሻል። አንቺ ደግሞ የማታውቂው ሰው የላከውን እንዳትጭኚ። የተከፈተ ቤት ዘበኛው ባለቤቱ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«እኔ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሉባባ በሦስተኛው ቀን ከሚኤሶ ተመለሰች። ሁለቴ የተወጋ ከብት የለም፤ ተዘሎ የቀረም የለም። እዚያ ያገኘቻቸው ሁለት ባለሙያዎችም መዝገቡን ከእሷ ተቀብለው በስልካቸው ጭነዋል። አይፎኑ አባትየው ዘንድ ቀረ፤ ካሜራው ጥሩ ነውና ሰንጋዎቻቸውን ፎቶ እያነሱ ለሩቅ ገዢ ይልኩበታል፣ ለዚያ ሥራ አልከፋም። ገበያ ላይ አንዱ፣ «ኦቦ አብዱልቃዲር፣ ከስልክ የቱ ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቃቸው እጁን ይዘው ፎጣቸውን ጣል ያደርጉበትና እንዲህ ይሉታል፦

«መጀመሪያ ለምን ሥራ እንደምትፈልገው ንገረኝ። እኔ ከእንግዲህ ጥርሱን ሳላይ ዋጋ አልጠራም።»