ተጨምቆ ያልጎደለው ይግባኝ

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ኮፒ ቤት ውስጥ አቶ ከድሮ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። የእንሰት ማሳቸውን በነጠቃቸው ፍርድ ላይ ይግባኝ የሚሉበት ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ወልቂጤ ያለው ጠበቃቸው ደረጄ «ማስረጃውን ሁሉ በአንድ ኢሜይል ይላኩልኝ» ብሏል። አርባ አንዱ ገጽ ስካን ተደርጎ አልቋል፤ ኢሜይሉ ግን ከበደኝ ብሎ መለሰው።

«የሚያሳንሰው ፕሮግራም እዚህ የለም» አለ ይታገሱ የተባለው ጸሐፊ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። «ልጫን ብል ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እሱም አገና ከተማ ሄዷል።»

የጎረቤታቸው ልጅ ሰልሚያ፣ የኮምፒውተር መምህርቷ፣ የፈተና ወረቀት ልታባዛ ብቅ ያለችው ያን ጊዜ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ ከድሮ! ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። የተማረው መሬቴን በላ፤ ዛሬ ደግሞ ማሽኑ እኔን ሊበላ ነው።»

ነገሩን ሰምታ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። «መጫን አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ያለው እዚሁ ፍላሼ ላይ ነው። ከዚሁ ተነሥቶ ፋይሉን ይጨምቃል፤ ሲጨርስ ከፍላሼ ጋር ይወጣል።»

አቶ ከድሮ ብድግ አሉ። «ይጨመቅ? በጭራሽ!»

ምክንያት አላቸው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ የቢሮ ሹም አቤቱታቸውን «አሳጠርኩልህ» ብሎ የምሥራቁን ወሰን የሚናገረውን መስመር ጣለው። ሄደው ሲጠይቁት «ማንበብ የማትችል ምን ታውቃለህ?» አላቸው፤ ያውም ሰው ፊት። እሳቸው እኮ ስድስተኛ ክፍል ደርሰዋል! የዱላ ሰንበር ይጠፋል፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ከሰው ጋር ያረጃል።

«እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ አላየሽም ልጄ? ቡላው ከውሃው ጋር ይወርዳል። ያ የሚወርደው የኔ ወሰን ቢሆንስ?»

«እንሰቱስ እውነትዎን ነው» አለች ሳቅ ብላ። «ይሄ ግን የሚጥለው የለም። ስካነሩ በየገጹ ያለውን ባዶ ቦታ 'ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ' እያለ ሺህ ጊዜ ጽፎታል። ፕሮግራሙ 'ሺህ ጊዜ ነጭ' ብሎ ባጭሩ ይይዘዋል። ሲፈታ ሺውንም አንድ ሳያስቀር ይመልሳል።»

«ምላስሽ ማር ነው። የዚያ ሹምም እንዲሁ ነበር።»

«እንግዲያው እኔን አይመኑ። ፈትቼ ላሳይዎት፣ ራስዎ ይቁጠሩ።»

«ቆይ ቆይ!» አለ ይታገሱ። «ፍላሽ ማለት ቫይረስ ነው። ባለቤቱ በቁሜ ይቀብረኛል!»

«ልክ ነህ፣ ደውልለትና አስፈቅድ። ፕሮግራሙን ያወረድኩት ከሠሪዎቹ ገጽ ነው፤ ፍላሼንም በጸረ ቫይረስ ፈትሸው።»

ባለቤቱ «ካልተጫነ ምን ቸገረኝ» አለ። ፍላሹ ተፈተሸ፣ ተሰካ። ስልሳ ሜጋ የነበረው አሥራ ስምንት ሆነ። ሰልሚያ የተጨመቀውን ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ወስዳ ፈታችው። አቶ ከድሮ ወንበር ስበው፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው መቁጠር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አሥር ሰዓት አለፈ እኮ!» አለ ይታገሱ እየተቁነጠነጠ።

«ዝም በል! አሥራ ሁለት ዓመት የተቃጠልኩት እኔ፣ የቸኮልከው አንተ?»

ሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። የምሥራቁ ወሰን ከነመስመሩ አለ፤ ወይን ጠጁ ማኅተም ፊደሉ ሳይደበዝዝ ይነበባል። ከዚያ እስከ አርባ አንድ ወረዱ።

«ላኪው» አሉ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ደረጄ ደወለ። «ተከፍቷል፣ ሁሉም ገጽ አለ። መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀብያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አቶ ከድሮ። ከይታገሱ አንድ ፍላሽ ገዝተው፣ ዓይኗን ሳያዩ፣ «ለኔም ፕሮግራሙንም ፋይሉንም ገልብጪልኝ» አሏት።

ሰልሚያም እየገለበጠች መከረቻቸው፦ በሰው ማሽን አስፈቅደው ይጠቀሙ፣ ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ «አስወጣ» ሳይሉ አይንቀሉ፣ ዋናውን ፋይል አያጥፉ። እውነቷን ነው። የሚሠራበትን ዕቃ ይዞ የሚዞር ሰው የይለፍ ቃል ያለው ሰው ከሄደበት እስኪመለስ ደጅ አይጠናም፤ ከባድ ፋይሉም በደካማ ኔትወርክ ቶሎ ይደርስለታል። ይህን ሹማምንት አይነግሩንም፤ ቢነግሩን ደጅ የሚጠናቸው ሰው ያልቅባቸዋል።

ማታ ሚስታቸው ዘይባ አንገታቸው ላይ ፍላሹን ያንጠለጠሉበትን ክር አየች። «ደግሞ በስተርጅና ክታብ አሰርክ?»

«ክታብ ተሰፍቶ ነው የሚኖረው፤ ውስጡን ማን አይቶ ያውቃል?» አሉ አቶ ከድሮ። «ይሄ የያዘውን ግን አስፈትቼ ቆጥሬዋለሁ።»